ጉንጭ ድረስ የሚዘልቅ ብሎን

ጥቅምት 9

ለአክስቴ ልጅ ለመርፌ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ወገብሽ እንዴት ነው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን፤ ከአፌ በስተቀር። ያለፉትን ሁለት ደብዳቤዎቼን ሳትመልሺ መቅረትሽን ሥራ በዝቶባት ነው ብዬ ይቅር ብያለሁ። ይቅር ማለቴን እንድታውቂው ብዬ ነው የጻፍኩልሽ።

የዛሬው ግን ለወሬ አይደለም። ከዘመድ አዝማዱ ሁሉ የጥርስ ሐኪም አጠገብ ቆሞ የሚሠራ አንቺ ብቻ ነሽ። የላይኛው ጥርሴ አንድ ሳይቀር ከረገፈ በኋላ ያሠራሁትን ተነቃይ ጥርስ ታስታውሺዋለሽ፤ ፎቶውን ብልክልሽ "ፈረስ መስለሻል" ያልሽኝን። ያ ፈረስ አሁን አልጋለብ ብሏል። ሳወራ ይወርዳል፣ ስስቅ ይወርዳል። ባለፈው ሰሞን አውቶቡስ ጣቢያው ውስጥ እንደ ልማዴ ማይኩን ይዤ "ወደ ሐይቁ ዳር የሚሄደው በሦስተኛው በር" ብዬ ስጣራ፣ "በር" የሚለው ቃል ላይ ሳልደርስ ጥርሴ ወጥቶ ማይኩ ላይ ዐረፈ። ድምፁ በግቢው ሁሉ ተሰማ። ሹፌሮቹ እስካሁን ሲያዩኝ ጥርሳቸውን ያንቀጫቅጫሉ።

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ጭንቅላትን እየዞረ በሚያነሳው ትልቁ ማሽን ራጅ አነሣኝና "እዚህ ጋ አጥንት መኖር ነበረበት" አለኝ። "የት ሄደ ታዲያ?" ብለው፣ "ጥርሱ ሲወልቅ አጥንቱ ሥራ ፈታ፤ ሥራ የፈታ አጥንት ይሟሟል" አለ። ከላይ ያለው የአየር ክፍተት፣ ሳይነስ የሚሉት፣ ወደ ታች ወርዶ በእሱና በአፌ መካከል የቀረው እንደ እንቁላል ቅርፊት የሳሳ ነው። ሌላ ሰው መንጋጋ ላይ የሚተክሉት አጭሩ ብሎን እኔ ላይ አይዝም። ባለቤቴ በጎሚስታነቱ ወዲያው ገባው፤ "ብሎኑ ወርቅ ቢሆን የሚይዘው ብረት ከሳሳ ጎማው መንገድ ላይ ይሸኝሻል" አለ።

ሐኪሙ ሁለት መንገድ አሳየኝ። አንደኛው ከዳሌዬ አጥንት ቆርጦ ላይኛው መንጋጋዬ ላይ መለጠፍ፣ እስኪያያዝ ብዙ ወር መጠበቅ፣ ከዚያ ብሎን፣ ከዚያ እንደገና መጠበቅ፣ ከዚያ ጥርስ። ሁለተኛው ረጃጅም ብሎን ነው። በአፍ ገብቶ ጉንጭ አጥንት ድረስ ዘልቆ እዚያ ይታሰራል፤ ጥርሱ በቀናት ውስጥ ይገጠምበታል።

እኔ የጉንጩን መርጫለሁ፤ ምክንያትም አለኝ። ጣቢያው እየታደሰ ነው። ከእንግዲህ በማይክ የሚጣራ ሰው ቀርቶ የተቀዳ ድምፅ በማሽን ሊለቀቅ ነው። ቀረጻው የካቲት ላይ ነው። ኃላፊው "ድምፁ ያንቺ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ይህን ፉጨትና ኳኳታ ይዘሽ ግን አይሆንም" አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ወደ መንገዱ የሸኘሁበት ድምፅ ነው፤ ቢያንስ እሱ ከኋላዬ ይቆይ። ቀጠሮዬ ጥር ላይ ነው። ራጁን ልኬልሻለሁ፤ ሐኪምሽን ጠይቂልኝ።

ደግሞ እንደምታውቂው ደብዳቤ የሚመጣው በባለቤቴ ጎሚስታ ቤት ነው። ጎማ የሚጠብቀውን ሰው ሁሉ ሰብስቦ ጮክ ብሎ ነው የሚያነበው። ቆንጆ አድርገሽ ጻፊ።

ደኅንነትሽን የምትመኝልሽ እህትሽ፣
ጡሩምባ


ኅዳር 21

ለጡሩምባ፤

ሰላም ለቤቱ ሁሉ ይሁን፤ ጎማ እየጠበቃችሁ ለምታዳምጡትም ጭምር።

ራጅሽን ለሐኪሜ አሳየሁት። ሁለቱም መንገዶች እውነተኛ ናቸው፤ ያንቺ ሐኪም አላታለለሽም። ከዳሌ የሚወሰደው ጊዜ ላለውና ቁስሉ ቶሎ ለሚድን ሰው ነው። የተለጠፈ አጥንት እንደ ችግኝ ነው፤ ደም ካልደረሰው ይደርቃል። የጉንጭ አጥንት ደንዳና ነው፣ መንጋጋ ሲሟሟም አይሟሟም። ብሎኑ የሚያልፈው ግን በሳይነሱ ጥግ ነው፤ ሳይነሱ ከታመመ ጉዳዩ የጥርስ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ይሆናል። የሚሠራው እጅ የለመደ መሆን አለበት። ሐኪምሽን "ስንት ሰው ላይ ሠርተዋል፣ ስንቱ ያዘ?" ብለሽ ጠይቂው። ቅር ካለው ሌላ ፈልጊ።

ሦስተኛ መንገድም አለ። ደኅና የጥርስ ሠራተኛ ፈልገሽ ልክሽ የሆነ አዲስ ተነቃይ አሠሪና ተረጋግተሽ ጠብቂ። የእኔ ምክር ይሄ ነው።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ሐኪሙ ሲመረምርሽ ስለ ውሃ ታንከሩ ጀርባ ምን ብለሽ መለስሽለት?

መልሱን የምትጠብቅ፣
መርፌ


ታኅሣሥ 8

ለመርፌ፤

ሰላምታ ይድረስሽ፣ በረከትም ይብዛልሽ። ደብዳቤሽን ባለቤቴ ሲያነበው አራት ሰው ነበር። "ታንከሩ ጀርባ ምንድን ነው ያለው?" ብለው ያዙኝ። "ልጆች ሆነን ድብብቆሽ የምንጫወትበት ነው" አልኩ። አንዱ ሹፌር "ጥርስ ሐኪም ድብብቆሽ ምን አገባው?" አለ። አየሽ ያስቀመጥሽኝን ቦታ? አንቺ ሩቅ ሆነሽም መውጋት አይገድሽም።

ሐኪሙ ጠይቆኛል፤ ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጦ የሚመለሰውን መልሻለሁ። ይኸው ነው። ይህችን ነገር ሁለተኛ እንዳታነሺ።

ምክርሽን ደግሞ ሰማሁ። "ተረጋግተሽ ጠብቂ"! የካቲት ተረጋግቶ ይጠብቀኛል? ልጅ ሆነን ገመድ ስንዘል "ጠብቂ" ትይኝና አንቺ ትዘያለሽ። እኔ አፌ ሥራዬ ነው። አንቺ እንደሆንሽ ሥራሽ የሰውን ምራቅ በቱቦ መምጠጥ ነው፤ ለዚያ ጥርስ አያስፈልግም።

እጁ ለምዷል ወይ ብዬ ሐኪሙን ጠየቅኩት። አልተቀየመም። ቁጥሩን ነገረኝ፣ ያልያዘላቸውንም ሳይደብቅ ነገረኝ። ስለዚህ ጉዳዩ አልቋል። ከእንግዲህ ከጻፍሽ በጣቢያው አድራሻ ጻፊልኝ፤ ጎሚስታ ቤቱ የቲያትር አዳራሽ ሆኗል።

ሰላም ሁኚ፤ ትንሽ ራቅ ብለሽ፣
ጡሩምባ


ጥር 20

ለአክስቴ ልጅ፤

ሰላምታ ካንጀት ካልሆነ ውሸት ነውና ዛሬ ሰላምታ የለም። መልስሽንም አልጠበቅኩም፤ ሌላ ሰው ዘንድ እንደደረሰ አውቄያለሁና።

ያደረግሽውን ልንገርሽ። የቀጠሮዬ ቀን እህል ሳልቀምስ፣ ፀጉሬን በሻሽ አስሬ፣ ባለቤቴ ቦርሳዬን ይዞልኝ ተቀመጥኩ። ሐኪሙ ገባ። የቀዶ ሕክምና ልብሱን ለብሷል፣ ጓንት ግን አላጠለቀም።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሲጋራ ያጨሳሉ?"

ባለቤቴ ሳቀ። "እሷ? የጎረቤት ጢስ ሲመጣ መስኮት ስትዘጋ የምትውለዋ?"

"ከዘመድዎ መልእክት ደርሶኛል" አለ። "ከልጅነት ጀምሮ እንደሚያጨሱና እንደማይናገሩ ጽፈውልኛል።"

"ዘመዴ ቀልድ ትወዳለች" አልኩ።

"እንግዲያው ተነቃዩን ያውጡልኝ።" አወጣሁለት። ገልብጦ ወደ መብራቱ ያዘው። ምላስ የማይደርስበት፣ ቡርሽም የማይገባበት ቦታ አለ፤ እዚያ ጠቁሯል። "ይሄ የሻይ አይደለም" አለ።

ባለቤቴ ጥርሱን አየው፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። ታክሲ ውስጥ ነው የተናገረው፣ እሱም ወደ መስኮቱ ዞሮ፦ "ለድዴ ነው ስትዪኝ እኮ ቅርንፉዱን የምገዛልሽ እኔ ነበርኩ። ፍሬው ሞላ ሞላ ያለውን እየመረጥኩ።"

የጢሱን ሽታ የምሸፍንበትን ቅርንፉድ ነው የሚለው። ጮኾ ቢሆን፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሐኪሙ "ሰኔ ድረስ ካልተዉ እጄን አላነሣም፤ ጢሱ ደም ሥሩን ያጠበዋል፣ ቁስሉ አይድንም፣ ብሎኑም ይላላል" ብሏል። ሰኔ! ቀረጻው የካቲት ነው።

የክሊኒኩን አድራሻ ያገኘሽው እኔ ከላክሁልሽ ራጅ ጥግ ላይ ነው፣ አይደል? የዘረጋሁልሽን እጅ ነው የነከስሽው። እናቴ ያንን ሁሉ ዘመን ከኔ እኩል ጉርሻ ስታጎርስሽ አንድ ቀን አንቺን አስቀርታ ለኔ ብትሰጥ ኖሮ፣ ቢያንስ የምትበቀይበት ምክንያት በገባኝ።

ፊርማዬን ታውቂዋለሽ።


የካቲት 14

ለጡሩምባ፤

ጤና ይስጥሽ። የምሬን ነው፤ ስለ ጤናሽ ነው የምንነጋገረው።

አዎ፣ ጽፌያለሁ። ዛሬም ቢሆን እጽፋለሁ። አስቀድሜ አንቺኑ ጠየቅኩሽ፤ ድብብቆሽ አልሽኝ። ታዲያ ምን ላድርግ? ጉንጭሽ ውስጥ የሚበሰብስ ብረት ሲያስገቡ በሩቅ ሆኜ ላጨብጭብ? ለባለቤትሽ ብዬ አልጻፍኩም። ለሐኪሙ ነው የጻፍኩት። አጠገብሽ ሰው አስቀምጦ መጠየቁ የእሱ ስሕተት ነው። ለባልሽ መደበቅሽ ያንቺ።

ድምፅሽ ባይቀዳ ምን ይሆናል? አውቶቡሱ እንደሆነ ይነሣል። ሰው "ጡሩምባ ስላልጠራችኝ ቤቴ አልገባም" አይልም።

ደግሞ የታንከሩን ጀርባ ያሳየሽኝ አንቺ ነሽ። "ሳቢው፣ አታስይ፣ ሕፃን አትሁኚ" ያለችኝ ያንቺ ድምፅ ናት። እሷ ሳትቀዳም አልጠፋችብኝም።

ቅርንፉድ ከጥርስ ሽታ ያጠፋል፤ ከአጥንት አያጠፋም።

መርፌ


መጋቢት 3

ለመርፌ፤

እንደ ደብዳቤሽ አጭር ልሁን ብል አልቻልኩም፤ እኔ እንዳንቺ ቃል በጠብታ አልሰጥም።

ቀረጻው ተደረገ። ኃላፊው ከይሉኝታ የተነሣ ሞከረኝ። ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ ክፍል ውስጥ አስገቡኝ፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ትንፋሽም ይሰማል። ተነቃዩን በማጣበቂያ አስሬዋለሁ። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ደኅና ወጣ። ሁለተኛው ላይ ላላ፣ ሦስተኛው ላይ ፉጨት ብቻ ሆነ። ቀጂው ልጅ ሳቁን ለመዋጥ ጫማውን ሲያስር አየሁት፤ ጫማው ደግሞ ማሰሪያ የለውም።

ቲኬት ቆራጯን መረጡ። ድምፅዋ ጥሩ ነው፤ አልዋሽም። ግን "መልካም ጉዞ" ስትል የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለ ጽሑፍ የምታነብ ነው የሚመስለው። እኔን የጠፋ ዕቃ ክፍል መደቡኝ። ያ ክፍል ምን እንደነበር ልንገርሽ? ዘመኔን ሙሉ ተደብቄ የማጨሰው እዚያ ነበር። አሁን ቀኑን ሙሉ እዚያው ተቀምጬ አላጨስም። ከጃንጥላና ባለቤት ከሌለው ሻንጣ ጋር ተፋጠን እንውላለን። ደስ ይበልሽ።

ጊዜ ስላለኝ የላክሽልኝን ፎቶዎች ሁሉ አወጣሁና አየኋቸው። ካገር ከወጣሽ ወዲህ ያሉትን። አንዱ ላይ ማስክ አድርገሻል። አንዱ ላይ እጅሽ አፍሽ ላይ ነው። አንዱ ላይ አበባ ታሸቻለሽ። ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ አበባ የምታሸቺው? ልጅ ሆነን ስትስቂ የኋላ ጥርስሽ ሳይቀር ይታይ ነበር፤ እናቴ "ዝጊው፣ ዝንብ ይገባል" ትልሽ ነበር። ማን ዘጋው?

ተነቃይ አሠርተሽ ጠብቂ ያልሽኝ፣ የሰው አፍ ውስጥ ገብተሽ የምትፈርጂው፣ ያንቺ አፍ ውስጥ ምን አለ? እስቲ ንገሪኝ። ወይስ እሱንም ለሐኪም ልጻፍ?

የጠፋ ዕቃ ጠባቂ፣
ጡሩምባ


ሚያዝያ 24

ለጡሩምባ፤

ፖስታው ውስጥ ያለው የራጅ ፊልም የእኔ ነው። ለሐኪምሽ አሳዪው። እሱ ያንብብልሽ።

እኔ የምጨምረው የለኝም።

መርፌ


ሐምሌ 2

ለአክስቴ ልጅ ለመርፌ፤

ጤናሽን እጠይቃለሁ። ዛሬ እንደ ወግ ልማድ አይደለም የምጠይቀው፤ መልስ እፈልጋለሁ።

ፊልሙን ወሰድኩለት። ሐኪሙ መብራቱ ላይ ለጠፈው። "የማን ነው?" አለኝ። "የዘመዴ፣ የጻፈችልዎ" አልኩት።

"እነዚህን ትንንሽ ሚስማሮች ያዩዋቸዋል? ከዳሌ የተወሰደ አጥንት አስረው የያዙ ነበሩ። አጥንቱ የለም። ሟሟ። ሚስማሮቹ ምንም ሳይዙ ቀርተዋል" አለ። ቀጥሎ ወደ ቀኝ ጉንጭ አመለከተ፦ "ይሄ ረጅሙ ብሎን ነው። እንዲህ ዓይነት ብቻውን አይተከልም፤ በግራም ነበረ።" በግራ ያየሁት ቀዳዳና ጭጋግ ነው። "ሳይነሱ መግሎ ብሎኑን አውጥተውታል። ብዙ ተሠቃይተዋል" አለ።

"አሁን በምን ይበላሉ?" አልኩት። "በተነቃይ ይሆናል። አንድ ብሎን ሙሉ ጥርስ አይሸከምም። ተነቃዩም ቢሆን በማጣበቂያ ካልሆነ አይቆምላቸውም።" ከዚያ የምፈራውን ጠየቀኝ፦ "ያጨሱ ነበር?"

"ማን እንዳስለመዳት ልንገርዎ?" አልኩት። አልጠየቀኝም።

እና አንቺ ይህን ሁሉ አፍሽ ውስጥ ይዘሽ ነው "እንደ ችግኝ ነው፣ ደም ካልደረሰው ይደርቃል" ብለሽ እንደ መምህር የጻፍሽልኝ? አንድ መስመር ብትጨምሪ ምን ነበረበት? "እኔን አይተሽ ተቀጪ" ብትዪኝ ኖሮ ያኔውኑ በተውኩ፤ ባልተውም እንኳ ባልተዋረድኩ። አንቺ ግን ማስክሽን ሳታወልቂ የእኔን ገለጥሽው። ለዚህ አልታረቅኩሽም። እውነቱን መናገርሽ ሌላ፣ የተናገርሽበት መንገድ ሌላ።

ሲጋራውን ትቻለሁ። ሐኪሙ ከቤተሰብ ምስክር እፈልጋለሁ ስላለ ባለቤቴ በየጠዋቱ ወደ ሥራ ሳይወጣ አፌን ያሸታል። ላንቺ ምስጋና ይግባና፣ ከተጋባን ወዲህ እንዲህ ተጠግቶኝ አያውቅም። መጀመሪያ እንደ ተቆጣጣሪ ነበር የሚያሸተኝ፤ አሁን ትንሽ ቆየት ይላል። በጎሚስታ ቤቱ በኩል ከመለስሽልኝ ይሄን እንዳታነሺው ብቻ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጣቢያው ውስጥ መብራት ጠፋ። ማሽኑም የቲኬት ቆራጯን ድምፅ እንደያዘ ዝም አለ። ሰው ሻንጣውን ተሸክሞ ከበር በር ይራኮታል፣ ልጅ ያለቅሳል፣ ሹፌር ከሹፌር ይሰዳደባል። ኃላፊው እየሮጠ መጣ፦ "ጡሩምባ፣ በፈጣሪ!"

"ጥርስ የለኝም እኮ" አልኩት።

"ጉሮሮ አለሽ አይደል!"

ተነቃዩን አወጣሁና ኪሴ ከተትኩት። አግዳሚ ወንበር ላይ ወጣሁ። በባዶ ድዴ የሐይቁን ዳር፣ የወደቡን፣ የድንበሩን ሁሉ በየበሩ ጠራሁ። አንድ ጎረምሳ አፌን አይቶ ሳቀ። "አንተ ሳቅ፤ አውቶቡስህ ግን በአምስተኛው በር እየወጣ ነው" አልኩት፤ ሮጠ። ሰው ሁሉ በየመንገዱ ሄደ። አንዲት ሴትዮ ስታልፍ እጄን ጨብጣኝ "የት ጠፍተሽ ነበር?" አለችኝ። አየሽ፣ ጡሩምባ ባትጠራም አውቶቡሱ ይነሣል ብለሽኝ ነበር። ቆሞ ነበር፣ መርፌ። ቆሞ ነበር።

ኃላፊው ጥርስሽ ሲገጠም እንደገና እንቀዳለን ብሏል። ነገ ጠዋት ነው ቀዶ ሕክምና የምገባው፤ በቀኝ ሁለት፣ በግራ ሁለት ብሎን፣ ጉንጬ ድረስ። ሐኪሙን ያንቺን ፊልም እንድልክልሽ ብጠይቀውም አልመለሰልኝም፤ "ሥራው እስኪያልቅ ከፊቴ ይሁን" ብሎ መብራቱ ላይ ትቶታል። ስለዚህ ነገ አንቺም እዚያ ትኖሪያለሽ፤ ሳልጠራሽ።

ከዚህ ጋር የላክሁት ጥቅል ቅርንፉድ ነው። ባለቤቴ መጨረሻ የገዛልኝ፣ ፍሬው ሞላ ያለው። እኔ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም። አንቺ ይጠቅምሽ እንደሆነ አላውቅም፤ ማጨሱን ትተሽ እንደሆነ አልነገርሽኝማ። ካስፈለገሽ ያውልሽ፣ ለማንም አልናገርም፤ እኔ እንዳንቺ አይደለሁም። ካላስፈለገሽ ጥቅሉን ሳትፈቺ መልሽልኝ፣ አንድ ፎቶ አብረሽ አድርጊበት። ማስክ የለም፣ እጅ የለም፣ አበባ የለም። አፍሽን ከፍተሽ።

ጡሩምባ